የአባታችሁን ሰዓት ፊቱን አታስቀቡ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወይዘሮ ሱቄ ገብታ ከቦርሳዋ በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣች። «ጋሼ፣ አሮጌውን እንደ አዲስ አድርገው ይሠራሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ። መሐረቡን ስፈታው ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ነው፤ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ፋብሪካው የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው።) የአባቷ ነበር። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባንክ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ካረፉ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

ፊቱ ድሮ ብርማ ነጭ ነበር፤ አሁን ወተት ወደበዛበት ሻይ ተጠግቷል። አራት ሰዓት አካባቢ እንደ ማዲያት ጠቆር ያለ ነጥብ ወጥቶበታል። በወርቅ የተለበጠው ቀፎ ጎኑ ላይ የጠረጴዛ ጭረት ሞልቶታል።

«ፊቱን አስቀብተው፣ ቀፎውን ቢያብረቀርቁልኝ። ወንድሜ በሠርጉ ቀን እንዲያስረው ፈልጌ ነው።»

«ማሽኑን ፈትቼ አጥበዋለሁ፤ ዘይት እቀባዋለሁ። የተጫረውን መስታወት እቀይራለሁ። ፊቱን ግን አልነካውም፤ ለሌላ ሰውም አልሰጠውም» አልኳት።

ተከፋች። ሥራ የጠላሁ፣ ወይም ዋጋ ልሰቅል የፈለግሁ ሳይመስላት አልቀረም። በቆመችበት ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ከኋላዋ ባትሪ የሚያስቀይሩ ሦስት ሰዎች ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ሰዓት አዳሽ ነኝ። በዚህ ሥራ 38 ዓመት ቆይቻለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል የነበረቻቸው አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። እዚያው ሰፈር የነበረችኝ ሱቅ አካባቢው ሲፈርስ አብራ ስለሄደች፣ ዛሬ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ክፍል ተጋርቼ ነው የምሠራው። እሱ ፔዳሉን ሲረግጥ የኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ ቅንጣት የምታህል ብሎን በያዝኩ ቁጥር «አንዴ ቁም!» እለዋለሁ። በእጄ ካለፉት ሰዓቶች የሚበዙት ሲኮና ሲቲዝን ናቸው። ቤቴ ሄጄ ራት እየበላሁ የማስበው ግን ኮንስቴሌሽንን ነው።

የስዊስ ውድ ሰዓት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያነሳው የጃንሆይን ፓቴክ ፊሊፕ ነው፤ በ2017 ጄኔቫ ላይ በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ያወጣውን። እሱን የማውቀው በፎቶግራፍ ነው። ኮንስቴሌሽን ግን በሚኒስትሩም፣ በመርካቶ ነጋዴውም፣ ደመወዙን ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ በገዛው የሒሳብ ሹምም ክንድ ላይ ነበር። እኔ ጋ የሚመጣውም የእነዚህ ሰዎች ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጆቻቸው እጅ።

የኦሜጋ ሥር 1848 ነው። ሉዊ ብራንት የሚባል ሰው ላ ሾ ደ ፎን በምትባል የስዊስ ከተማ የሰዓት መገጣጠሚያ ከፈተ፤ ልጆቹ በ1880 ሥራውን ወደ ቢየን ወሰዱት። መቶኛ ዓመቱ በ1948 ሲከበር ኩባንያው «ሴንተነሪ» ያለውን፣ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላ ክሮኖሜትር በጥቂቱ አወጣ። ገዢ ስላገኘ በ1952 መደበኛ ምርት ሆኖ ኮንስቴሌሽን ተባለ፤ የኮከቦች ስብስብ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሙ የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተገኘ መጀመሪያ ላይ የተሸጠው ግሎብማስተር ተብሎ ነበር። ኮንስቴሌሽን የሚባል የሎክሂድ አውሮፕላንም ነበረ፤ የእኛም አየር መንገድ በ1957 አብርሮታል። ይህን ያነሳሁት አንድ የቀድሞ የአየር መንገድ መካኒክ ሰዓቱን ሲያመጣልኝ «ሁለቱንም ኮንስቴሌሽን ጠግኛለሁ» ብሎ ስላሳቀኝ ነው።

ክሮኖሜትር የሚለውን ቃል ሰዉ እንደ ማዕረግ ያየዋል፤ የፈተና ውጤት ነው። ዛሬ ፈተናው 15 ቀን ይፈጃል። ማሽኑ ከቀፎው ወጥቶ በ5 ዓይነት አቀማመጥ፣ በ8፣ በ23 እና በ38 ዲግሪ ሙቀት ይታያል። በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም ከ6 ሰከንድ በላይ ከቀደመ ይወድቃል። በኮንስቴሌሽን ፊት ላይ፣ ስድስት ሰዓት አጠገብ ያለችው ኮከብ ይህን ፈተና ታሳስበኛለች። ጀርባውን ስትገለብጡትም የጄኔቫ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ጉልላት ተቀርጾ ከበላዩ ስምንት ኮከብ ታያላችሁ። በዚያ ዘመን የሰዓት ፋብሪካዎች ምርጥ ማሽናቸውን ይዘው የሚወዳደሩት እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ውስጥ ነበር።

የ1952ቱ ማሽን ውስጡ ያለው ክብደት ሙሉ ዙር አይዞርም። ግማሽ መንገድ ሄዶ ከሽቦ ጋር ይጋጭና ይመለሳል። ያሰረው ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማዋል። አርመናዊው መምህሬ እንዲህ ያለ ሰዓት ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቅነቅ ያደርጉት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙሉ ዙር የሚዞር ክብደት መጣ፤ ድምፁ ጠፋ፤ ማሽኑም እየተሻሻለ ሄዶ 551፣ 561፣ 564 የሚባሉት ቁጥሮች ላይ ደረሰ። እነዚህን ሦስቱን የከፈተ አዳሽ ይረዳኛል። ቀይ መዳብ የመሰለ ቀለማቸው ከስድሳ ዓመት በኋላም ጀርባው ሲነሳ ያበራል። ጠንካሮች ናቸው፤ ሲፈቱም ሲገጠሙም አያስቸግሩም።

ወደ ወይዘሮዋ ሰዓት ልመለስ። በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛው መሙያው ነው። የዚህ ሞዴል መሙያ ክብ አይደለም፤ 10 ጠርዝ አለው። ጌጥ ይመስላል፤ ግን ጣት እንዳይንሸራተት የተደረገ ነው። የእሷ አባት መሙያ ግን ጠርዞቹ ተበልተው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። በራሱ የሚሞላ ሰዓት መሙያው እንዲህ አይበላም። ስልክ ደውዬ «አባትሽ ሰዓቱን ብዙ ይነካኩት ነበር እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። «በኛ ቀን ነበር የሚያስኬዱት» አለችኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሰውየው ሰዓታቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሚሞሉት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድን ያሳያል። ቀን የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ የሚዞረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። ፈረንጁ ያንን 12 እኩለ ሌሊት ነው ያለው፤ እሳቸው ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲውል አድርገው አስተካክለውታል። ስለዚህ ቢየን የተሠራው ሰዓት እሳቸው ክንድ ላይ ቀኑን የሚቀይረው ወፍ ሲንጫጫ ነበር፤ ልክ እኛ አዲስ ቀን ብለን እንደምንነሳው። ኮከቧ ያለችበት ስድስት ሰዓትም እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት ሆነ። የሣለው ሰው በሕልሙም ያላሰበው ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚያምር!

ችግሩ የወሩ መጨረሻ ነው። የኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ሰዓቱ 31ን ሳያሳይ አያልፍም። በየወሩ አንድ ቀን ማስዘለል አለባቸው። ከጳጉሜን 5 ማግስት ሰዓቱ 6 ሲል፣ መስከረም 1 ለማድረግ 26 ቀን ወደፊት መግፋት ነው። የእሳቸው ማሽን 561 ስለሆነ ቀኑን ለብቻው የሚገፋ መሣሪያ የለውም፤ ያ የመጣው በ564 ነው። ቆጣሪዎቹን ራሳቸውን ማዞር ነበረባቸው። «የእንቁጣጣሽ ጠዋት እናቴ ቡና ጀምራ እስክትጨርስ አባዬ ሰዓቱን ያዞራል፤ እኛ ቀኑን ጮክ ብለን እንቆጥርለታለን» አለችኝ። የአሥሩን ጠርዝ የበላው ይህ ነው። ይህን መሙያ በአዲስ ቀይሬ «እንደ አዲስ ሆነልሽ» ልበላት?

ሁለተኛው ፊቱ ነው፤ ለጽሑፉም ምክንያት የሆነኝ እሱ ነው። ይህን ፊት በአጉሊ መነጽር ያላየ ሰው ጠፍጣፋ ይመስለዋል። መሐሉ ሜዳ ነው። ወደ ዳር ሲጠጋ ይሰበርና ቁልቁል ያዘነብላል፤ የተሰበረውም በክብ ሳይሆን በ12 ጎን ነው። ሳህን ደፍታችሁ ከላይ ብታዩት ዓይነት። ፈረንጆቹ «ፓይ ፓን» ብለው በመጋገሪያ ቆርቆሮ ሰይመውታል፤ እኛ ቤት ስሙ «የተደፋው ሳህን» ነበር። 12ቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው ብርሃኑን በየራሳቸው አቅጣጫ ነው የሚይዙት። ክንዳችሁን በትንሹ ስታዘነብሉ አንዱ ጎን ይጨልማል፣ ጎረቤቱ ይበራል። ምሽት ላይ መብራት ሳይበራ ሰዓት ለማየት ሞክሩ፤ ጠፍጣፋው ፊት አንድ ግራጫ ሲሆን ይህኛው ግን የሰዓቱን ምልክቶች ለይቶ ያሳያል። ዲያሜትሩ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ትንሽ ሰዓት ላይ ይህን ያህል ነገር የሆነው አንድም ቀለም ሳይጨመር፣ አንድም ድንጋይ ሳይለጠፍ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የሰዓት ፊት አላየሁም። ሮሌክስ ያላቸው ደንበኞቼ ይቅር ይበሉኝ።

በዚህ ፊት ላይ አንድ ጊዜ በድያለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት አካባቢ፣ አንድ ሽማግሌ ልክ እንደዚህ ያለ ኮንስቴሌሽን አመጡልኝ። ፊቱ ላይ ውሃ ገብቶ ነጠብጣብ ሠርቷል። «ላሳምርልዎት አባባ» አልኩ። እሳቸው አልጠየቁኝም፤ እኔው ነኝ ያሰብኩት። የሰዓት ፊት የሚቀባ ሰው ነበረ፣ ስሙን አልጠራም፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሥራው እንዲህ ነው። ምልክቶቹንና ኮከቧን ከፊቱ ይነቅላሉ፤ አሮጌውን ቀለም በኬሚካልና በማሻሸት ይገፍፋሉ፤ አዲስ ቀለም ይረጫሉ፤ ጽሑፉን ያትማሉ፤ ምልክቶቹን መልሰው ይተክላሉ።

ሲመጣ ያበራል። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አጉሊ መነጽሬን አደረግሁ። ማሻሸቱ 12ቱን ጠርዞች አሟሙቷቸዋል፣ ወፍራሙ ቀለም ደግሞ የቀረውን ሞልቶታል፤ ሳህኑ ሳህንነቱ ቀርቶ የተነፋ ቂጣ መስሏል። በቀጭን ፊደል «አውቶማቲክ ክሮኖሜትር ኦፊሻሊ ሰርቲፋይድ» የሚለው ጽሑፍ ፊደሉ ወፍሮ እርስ በርሱ ሊነካካ ደርሷል። ፊቱ ድፍን ወርቅ መሆኑን ለማመልከት ግርጌው ላይ በግራና በቀኝ የነበሩት «ኦ ኤም» የሚሉት ጥቃቅን ሁለት ፊደሎች ጭራሽ የሉም፤ ቀቢው ትርጉማቸውን ስላላወቀ ዘሏቸዋል። ኮከቧ ጫፏን ወደ ላይ ማድረግ ሲገባት ወደ ታች ተተክላለች።

ሽማግሌው መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሰዓቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ተሳስተህ የሌላ ሰው ሰጠኸኝ» አሉኝ። ቁጥሩን ጀርባው ውስጥ ከፍቼ ላሳያቸው ስል እጄን ያዙኝ። ከፍለው ሄዱ። ተመልሰው አልመጡም። የከፈሉኝ ገንዘብ እስከ ማታ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

እንግዲህ ይህን ካየሁ በኋላ ነው የኮንስቴሌሽንን ቀሪ ታሪክ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ፋብሪካው ራሱ በሰዓቱ ላይ ያደረገውን ሳይ፣ የኔን ጥፋት በትልቁ ያየሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ክብር ለሚገባው ክብር። በ1964 የወጣው ሞዴል ማሰሪያውን የሚይዙት ጆሮዎች ጠፍተውለት ቀፎው ሁለት ፊት ለፊት የተገጣጠሙ «ሲ» ፊደሎችን መሰለ። የጄራልድ ጄንታ ሥራ መሆኑ ይነገራል፤ በ1972 ሮያል ኦክን፣ በ1976 ኖቲለስን የሣለው የጄኔቫው ሰው። የተደፋውን ሳህን አስቀርቶ ፊቱን ቀላል አደረገ። ቢሆንም ቀፎው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፤ ማሰሪያው ከቀፎው ሥር ስለሚገባ ክንድ ላይ ልጥፍ ይላል፣ የሸሚዝ እጅጌ አይይዝም። ይህን ሞዴል ማን እንደሣለው ሳላውቅ ነው የወደድኩት።

የ70ዎቹን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። ኩባንያው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር። ኮንስቴሌሽን በሚል ስም በሰከንድ 300 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ሌሊት ትራስ ሥር ስታደርጉት እንደ ወባ ትንኝ ጢን የሚል የባትሪ ሰዓት ወጣ። በ1974 ደግሞ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ ያለው፣ ጡብ የሚያህል «ማሪን ክሮኖሜትር» መጣ፤ በትክክለኛነቱ ተወዳዳሪ አልነበረውም፣ በመልኩ ግን ዝም ብል ይሻላል። ጃፓኖች በ1969 መጨረሻ ሲኮ አስትሮንን ካወጡ በኋላ የስዊስ ሰዓት ሥራ ተናግቶ ነበር። በ1970 ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው ሠራተኛ በ80ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ወረደ። ኦሜጋም ሊሸጥ ወይም ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በዚህ መሐል፣ በ1982፣ ካሮል ዲዲሻይም የምትባል ወጣት ንድፍ አውጪ ኮንስቴሌሽን ማንሃታንን ሣለች። ዛሬ «የኦሜጋ ጥፍር» የምንለውን ያመጣችው እሷ ናት። አራት ጥፍር፤ ሁለቱ በሦስት ሰዓት በኩል፣ ሁለቱ በዘጠኝ በኩል።

እዚህ ላይ ጥፍሩን ከሚጠሉ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም፤ ጥፍሩ ሲወለድ ሥራ ነበረው። ሰዓቱ እጅግ ቀጭን ነው፤ መስታወቱ ሳፋየር ሆኖ እስከ ጠርዝ ይደርሳል፤ በላዩ የሚጭነው ቀለበት የለም። ታዲያ መስታወቱንና ከሥሩ ያለውን ውሃ መከላከያ ጎማ ከቀፎው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ምንድን ነው? ጥፍሮቹ። ለመጀመሪያ ጊዜ የፈታሁት ከጂዳ የተመለሰ ሰው ያመጣውን ነበር፤ ጥፍሮቹ ሲላሉ መስታወቱ እጄ ላይ ተነስቶ ሲመጣ «ጎበዝ!» ያልኩት ለብቻዬ ነው። ችግሩን ሳትደብቀው፣ መፍትሔውን እፊት ለፊት አስቀምጣ ጌጥ አደረገችው። ሰዓቱን ከሞት ያተረፈው ይህ ሞዴል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። በ1995 ሰዓቱ ሲታደስ የሮማውያን ቁጥር የተቀረጸበት ቀለበት ዙሪያውን ያዘ፤ ሲንዲ ክሮፎርድ በማስታወቂያው ላይ አሰረችው፤ በዓለም ሁሉ ተሸጠ። መስታወቱን አሁን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። ጥፍሩ ግን እዚያው ቀረ። በ2009 ቀጠን አለ፤ በ2020 ጠርዙ ተሞርዶ ለወንዶቹ የሴራሚክ ቀለበት ተጨመረ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ምንም የማይዝ ጥፍር በየጊዜው እየተሞረደ ነው።

ይህ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ልንገራችሁ። ከዱባይ በሻንጣ የሚገባ አስመስሎ የተሠራ ኮንስቴሌሽን ሞልቷል። የሚመጣልኝ ቅሬታም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጥፍሩ ወለቀብኝ»። በማጣበቂያ የተለጠፈ ነዋ! አስመስሎ ለሚሠራ ሰው ከጥፍር የቀለለ ነገር የለም፤ ከሩቅ ይታያል፣ ስሙን ይናገራል፣ ከሥሩ ምንም መሥራት አይጠበቅበትም። የተደፋውን ሳህን ግን 12ቱን ጎን ጠብቆ ያስመሰለ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ሁለቱን አይቻለሁ፤ ጠርዙ ያበጠ ነው፤ የኔን የጥፋት ሥራ ያስታውሰኛል።

ፋብሪካውም ይህን ሳያውቀው አልቀረም። በ2015 ግሎብማስተር የሚለውን የድሮ ስም አንስቶ የተደፋውን ሳህን መለሰ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የነበረውን የተሸነሸነ ቀለበትም ጨመረለት፤ በ15 ሺህ ጋውስ ማግኔት የማይደነግጥ ማሽንም ሰጠው። ማግኔቱ ቀልድ አይደለም፤ የዘንድሮ ሰው ሰዓቱን ከስልኩና ከድምፅ ማጉያው ጎን ነው የሚያሳድረው፤ በማግኔት ተይዞ የሚመጣልኝ የትየለሌ ነው። 39 ሚሊ ሜትር መሆኑና ውፍረቱ ባይጥመኝም፣ አንድ ደንበኛዬ ከዋሽንግተን ይዞት ሲመጣ ለማየት ብቻ ሩብ ሰዓት ከእጄ አልለቀቅኩትም። ኩባንያው ከ1982 ጀምሮ ሰዓቱን ከፊቱ ወደ ዳሩ ሲገፋ ቆይቶ፣ ከ33 ዓመት በኋላ የተመለሰው ወደዚያው ፊት ነው። የባንክ ሠራተኛው አባት ክንድ ላይ ወደነበረው።

እኛ ደግሞ እዚህ በየሱቃችን ያንኑ ፊት እየገፈፍን ቀለም እንረጭበታለን። ወቀሳውን ለደንበኛ አልሰጥም። ደንበኛ «አዲስ አድርግልኝ» ማለቱ ያለ ነው፤ ያረጀ ነገር ለበዓል ማውጣት በኛ አገር ደስ አይልም። እምቢ ማለት ያለብን እኛ አዳሾቹ ነን፤ እምቢ የማንለው ደግሞ የመቀባቱ ዋጋ ከማጠብ ስለሚበልጥና ሥራው ለዓይን ስለሚታይ ነው። ማሽን ሦስት ቀን ፈትቼ ባጥብ ደንበኛው የሚያየው አንዳች ለውጥ የለም። ፊቱን ባስቀባ ግን ገና መሐረቡ ሲፈታ «ውይ!» ይላል።

የሰዓት ፊት ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው እድፍ ነው፤ አብዛኛው ግን ቀለሙ ራሱ አርጅቶ የተለወጠው ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ፊቱ እየተፈረፈረ ቆጣሪዎቹን ካልያዘ በቀር ሰዓቱን አይጎዳውም። ቀፎውንም ደጋግሞ ማብረቅረቅ ያሟሟዋል፤ በወርቅ የተለበጠ ከሆነ ልባጡ አልቆ ከሥሩ ያለው ብረት ይወጣል፣ ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። ጀርባው ላይ ያለው የጉልላቱ ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በላብ ሳይሆን በእኛ በሚሽከረከረው ጨርቅ ነው።

ስለዚህ የአባታችሁን ሰዓት ወደ አዳሽ ስትወስዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። «ማሽኑን ፈትተህ ታጥበዋለህ?» በሉት። «የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በላስቲክ አድርገህ ትመልስልኛለህ?» በሉት። ፊቱንና ቀፎውን እንዳይነካ ደግሞ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። «ካልቀባሁት አልሠራም» ካላችሁ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሌላ አዳሽ አይጠፋም።

ወይዘሮዋ ቅዳሜ ከወንድሟ ጋር መጣች። ልጁ ሰዓቱን ተቀብሎ መጀመሪያ የነካው መሙያውን ነው፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ የተበላውን ጠርዝ ዳሰሰው፣ ከዚያ ምንም ሳይል እህቱን አየ። ፊቱ ያው ሻይ በወተት ነው፤ ማዲያቱም አራት ሰዓት ላይ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቼ፣ ቀኑ ንጋት ላይ እንዲዞር አድርጌ ነው የሰጠሁት። አሥር ቀን በመደዳ ለክቼዋለሁ፤ በቀን 5 ሰከንድ ይቀድማል።